ቆማ ስትሰነብት ባትሪዋ የሚያልቅባት የ1968 ቢትል

ባለ ቢትሏ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል አለችኝ። ከአባቴ የደረሰችኝ ናት፤ ሞተሯም፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት ዲናሞዋም፣ የመቀመጫዋ ስፌት ሳይቀር እሱ እንደተዋት ነው። የምነዳት በእረፍት ቀኖቼ ብቻ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ደግሞ ሳምንታት ሳልነካት ያልፋሉ፤ ችግሩም የሚመጣው ያኔ ነው። ቁልፉን ሳዞር የዲናሞው ቀይ መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ጠቅ ይልና ዝም ይላል።

ባትሪው ባለ 12 ቮልት፣ 44 አምፔር ሰዓት ሲሆን ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ነው። ያረጀ የሚባል አይደለም። ቻርጅ ከተደረገ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፤ በየዕለቱ በነዳኋት ሰሞንም ይሄ ነው የሚባል ችግር አይታይባትም። አንድ ወዳጄ በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስተሽ አሥር ደቂቃ አቆዪው ብሎኝ እንደዚያ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ ለውጥ የለም፣ እንዲያውም የባሰባት ይመስለኛል። ሌላው አዲስ ባትሪ ግዢ ይለኛል። ሦስተኛው ደግሞ ዲናሞውን አውጥተሽ አልተርኔተር፣ የአዳዲሶቹን መኪኖች ማመንጫ፣ አስገቢ አለኝ። ዲናሞውን መቀየር አልፈልግም፤ መኪናዋ እንደተሠራች እንድትቆይ እፈልጋለሁ።

ጥፋቱ የባትሪው ነው ወይስ የዲናሞው? ወይስ አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ነው? መልቲሜትር አለኝ፤ ቁልፍና ካቻቢቴም መያዝ አያስፈራኝም። ጋራዥ ከመሄዴ በፊት በራሴ ልለየው የምችልበት መንገድ ካለ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሁለት በር፦

እኔ ብሆን ብዙ አልደክምም። ባትሪ ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው፤ አራት አምስት ዓመት ካገለገለ ቀይሮ መገላገል ይሻላል። ከዚያ ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ይኑርሽና ሳትነጂያት ስትቀሪ ሰክተሽ ተዪያት። የእኔ መኪና የምትኖረው እንደዚያ ነው፤ ቆማ ከርማም እምቢ ብላኝ አታውቅም።

የዲናሞ ሰው፦

ስለ ቻርጀሩ የተባለው ትክክል ነው። አዲስ ባትሪ ግዢ በሚለው ግን አልስማማም። እህቴ፣ ሳትለኪ አትግዢ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ከመኪና ኤሌክትሪክ ጋር ነው። ደህና ባትሪ ተጥሎ አዲስ ተገዝቶለት፣ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ሞቶ የመጣ መኪና ስንቱን አይቻለሁ! ባትሪውን የገደለው ሌላ ነገር ከሆነ ያ ነገር እዚያው ተቀምጦ አዲሱንም ይገድለዋል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ችግሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማየት ያንገበግበኛል።

አሮጌ መኪና ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ የተመቸ ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ተዘግቶ ሲቆም ነቅቶ የሚያድር አንድም ነገር ሊኖረው አይገባም። የዛሬዎቹ መኪኖች ቆመው እስከ 50 ሚሊአምፔር ቢወስዱ ጤነኞች ይባላሉ። ያንቺዋ ግን ሰዓት ወይም በኋላ የተገጠመ ቴፕ ከሌላት ንባቧ ዜሮ፣ ቢበዛ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከዚያ ያለፈ ሁሉ ስምና አድራሻ ያለው፣ ተፈልጎ የሚገኝ ጥፋት ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ መቀመጫውን ተመልከቺ። በዚህች መኪና ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫው ከታች የብረት ሞላ አለው፤ በሞላው ላይ ደግሞ ደረቅ ቃጫ ተነጥፏል። ከልኩ ከፍ ያለ ባትሪ ከገባ ወይም የባትሪው መሸፈኛ ከጠፋ፣ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል። ያን ጊዜ ሞላው ይግላል፣ ቃጫው ይቀጣጠላል፤ እንዲህ ሆነው የተቃጠሉ ቢትሎች አሉ። መቀመጫውን አንስተሽ ገልብጪውና ሞላውን በጣትሽ እየዳሰስሽ እዪው፤ ጠቁሮ የቀለጠ ነጥብ ካገኘሽ ሞላው ባትሪውን ነክቶት ያውቃል ማለት ነው። ባትሪው በማሰሪያው ጠብቆ መታሰሩን፣ ፖዘቲቩ ጫፍ መሸፈኑን አረጋግጪ። መሸፈኛ ከሌለው ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁመሽ እሱን አሟዪ።

ቀለበትሽንና የእጅ ሰዓትሽን አውልቂ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጊ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ባትሪው ያለው ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ወይ በሮቹን ከፍተሽ፣ ወይ ባትሪውን አውጥተሽ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ቻርጅ አድርጊው። ስትፈቺ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ስታስሪ ኔጌቲቩ ይከተላል። ፖዘቲቩን ቀድመሽ ብትፈቺና ቁልፉ የመኪናዋን አካል ቢነካ የባትሪው ኃይል በሙሉ በቁልፉ በኩል ወደ ማሳ፣ ማለት ከባትሪው ጋር ወደታሰረው የመኪናዋ አካል፣ ይሄዳል።

ክዳኖቹን ከፍተሽ ስድስቱንም ሴሎች፣ ማለት የባትሪውን ክፍሎች፣ እዪ። በውስጣቸው ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከውሃው በላይ ብቅ ካሉ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ የተጣራ ውሃ ጨምሪ። እስከ ምልክቱ የሚሞላው ቻርጁ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ቀድሞ የተሞላው ይገነፍላል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። አሲድም አትጨምሪ፤ አሲዱ ወደ ሳህኖቹ ገብቶ የእርሳስ ሰልፌት ሆነ እንጂ አልጠፋም፤ ቻርጅ ሲደረግ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። የሚያስፈራው ባትሪው እንደወረደ ለሳምንታት መተዉ ነው። ሰልፌቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ቻርጀር አይመልሰውም። ስለዚህ የወረደ ባትሪ ለእረፍት ቀን አይቀጠርም፤ ዛሬውኑ ቻርጅ ይደረግ።

ቻርጁ በዝግታ ይሁን፤ ላንቺ ባትሪ 4 አምፔር ገደማ ይበቃል። ፈጽሞ ከወረደ አሥራ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንዳንድ አዳዲስ ቻርጀሮች በጣም የወረደ ባትሪ ሲያገኙ ጭራሽ ባትሪ የተሰካባቸው አይመስላቸውም፤ የስህተት ምልክት አሳይተው ይቆማሉ። ሰውም ባትሪው ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። እንደዚያ ከሆነብሽ ደህና የ12 ቮልት ባትሪ አምጥተሽ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኚና ቻርጀሩን አስጀምሪ። ትንሽ ቆይተሽ ቻርጀሩን አጥፊ፣ ረዳቱን ባትሪ አላቂ፣ ከዚያ ቻርጀሩን እንደገና ለብቻው አስጀምሪው። አብዛኛውን ጊዜ ይቀበለዋል።

ቻርጁ ሲያልቅ ከመኪናዋ ጋር ሳታገናኚ አሳድሪውና ጠዋት ቮልቱን ለኪ። 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በይው። አሁንም ሳታስሪው ጥቂት ቀናት ተዪውና እንደገና ለኪ። ለብቻው ተቀምጦ ከወረደ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ያኔ አዲስ ግዢ፣ እኔም አልከለክልሽም። ለብቻው ጸንቶ መኪናዋ ላይ ሲታሰር ከወረደ ግን ባትሪው ነጻ ነው፤ ሌባው መኪናዋ ውስጥ ነው። የፈሳሹን ጥግግት የሚያነብ የአሲድ መለኪያ ካገኘሽ እሱ ይበልጥ ይናገራል፦ ሙሉ ሴል 1.265 አካባቢ ያነባል። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ በ0.050 ያህል ከወረደ ያ ሴል አልቋል፣ ባትሪውም አብሮት አልቋል።

ሌባውን ለመያዝ በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ፈልጊ። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጪ፣ ኔጌቲቩን ኬብል ፍቺ፣ አምፖሏን በባትሪው ኔጌቲቭና በፈታሽው ኬብል መካከል አስገቢ። ባትሪው ጋ ለመድረስ በሩ መከፈቱ ስለማይቀር የበሩን ማብሪያ በፕላስተር ተጭነሽ እሰሪው፤ አለበለዚያ የውስጥ መብራቱን ፍሳሽ ብለሽ ስትለኪ ትውያለሽ። አምፖሏ ደምቃ ከበራች ፍሳሹ ትልቅ ነው፤ መልቲሜትሩን አታስገቢ። ካልበራች ወይም ጭል ጭል ካለች መልቲሜትሩን ወደ 10 አምፔር አዙረሽ፣ ቀዩን ገመዱን ወደ አምፔሩ ቀዳዳ ቀይረሽ በአምፖሏ ቦታ ተኪው። እሱ እዚያ እያለ ቁልፍ እንዳታዞሪ። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ የመለኪያሽ ፊውዝ አንድ ሰከንድ አይቆይም።

ያነበብሽውን በ24 አባዢው። 100 ሚሊአምፔር ማለት በቀን 2.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ 44 አምፔር ሰዓት የያዘ ባትሪ በአሥራ ስምንት ቀን ባዶ ይቀራል። ሞተሩ አልነሳም የሚለው ደግሞ ባዶ ከመሆኑ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ቁጥሯ ትንሽ መስላሽ እንዳታልፊያት።

ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉትን ፊውዞች አንድ በአንድ አውጪ፤ አንዱን መልሰሽ ሌላውን። ያንቺዎቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ በላያቸው ቀጭን የብረት ክር የሚያልፍባቸው የሴራሚክ ፊውዞች ናቸው። ጫፋቸውና የሚቀመጡበት ምላስ ይዝጋል፤ እግረ መንገድሽን ጥረጊያቸው። የትኛው ሲወጣ ንባቡ እንደሚወርድ ጻፊ፤ ሌባው የሚኖረው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ሁሉንም አውጥተሽ ንባቡ ካልተነቃነቀ በፊውዝ የማያልፈውን መስመር ጠርጥሪ። መጀመሪያ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር። በ1968ቷ ላይ እሱም ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፣ በግራ በኩል። ዲናሞ እንደ አልተርኔተር የኤሌክትሪክን መመለሻ የሚዘጋ ዳዮድ የለውም፤ ያን ሥራ የሚሠራለት በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለው ቆራጭ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ፑንቲናው፣ ማለት የቆራጩ መገናኛ፣ ይገጥምና ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል፤ ሞተሩ ሲቆም ፑንቲናው ይላቀቃል። ተጣብቆ ከቀረ ግን ባትሪው ወደ ኋላ በዲናሞው በኩል ይፈስሳል። ይህን ያለ መሣሪያም ታውቂዋለሽ፦ ሞተሩ ከቀዘቀዘ ከብዙ ሰዓት በኋላ የዲናሞውን ገላ በእጅሽ ንኪው። ሌላው ሁሉ ቀዝቅዞ ዲናሞው ብቻ ሞቆ ከጠበቀሽ ሬጉሌተሩ ነው፤ ኔጌቲቩን ወዲያው ፍቺ። ያንቺ ባትሪ ግን በአንድ ሌሊት ስለማያልቅ ይሄኛው የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው።

አሁን ስለ አሥር ደቂቃው። ይህ ምክር በጣም የተለመደ ነው፤ ዲናሞ ላለው መኪና ግን ጎጂ ምክር ነው። ዲናሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ እዚህ ግባ የሚባል ኃይል አያመነጭም። ቆማ በምትሠራ ቢትል ላይ ቀዩ መብራት ጭል ጭል የሚለውም ለዚህ ነው። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ሞተሪኖው የወሰደውን የሚመልስ የለም፤ ማቀጣጠያውም ያንኑ ባትሪ እየበላ ይቀጥላል። ባሰባት ያልሽው ትክክል ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ስለሚጠፋ እርጥበት በዘይቱና በጭስ መውጫው ውስጥ ይቀራል። ወይ ወደ መንገድ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት በደንብ ንጂያት፣ ወይ ጭራሽ አታስነሺያት።

ዲናሞው መሥራት አለመሥራቱንም ለኪ። ሞተሩ ተነስቶ በዝቅተኛ ዙር፣ ከዚያም ነዳጅ ሰጥተሽው ወደ 2000 ዙር ሲደርስ በባትሪው ጫፎች ላይ ስንት ቮልት አለ? ሁለተኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን ይገባዋል። አንዳንድ ሰው ዲናሞውን የሚፈትነው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኬብል በመንቀል ነው። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ቮልቱን የሚገታው ባትሪው ስለሆነ እሱ ሲነቀል ድንገት ይዘልና ቴፑንም፣ አምፖሉንም፣ ሬጉሌተሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

ቁጥሮቹን ይዘሽ ነይ።

ሰማያዊ ኤምጂቢ፦

እኔ የምጨምረው ከሌላ መኪና ኬብል ስቦ ስለማስነሳት ነው፤ ባትሪ ያለቀበት ሰው ከምንም በፊት የሚሮጠው ወደዚያ ነውና። በአሮጌ መኪና ኬብል ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ ስንት ቮልት ነው? ቢትል ራሷ ከዚህች ስሪት ጥቂት ዓመታት በፊት ባለ 6 ቮልት ነበረች። ባለ 6 ቮልት መኪና በባለ 12 አታስነሱ፤ አምፖሎቹን ታቃጥላላችሁ። ሁለተኛ ማሳው የትኛው ነው? ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካላቸው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ኤምጂቢ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲሁ ነበረች፤ ከመቀመጫው ኋላ ተደብቀው በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎችም ነበሯት። ባለቤቱ ከጊዜ በኋላ ቀይሮትም ሊሆን ስለሚችል በመጽሐፉ አትመኑ፤ ኬብሉን በዓይናችሁ ተከተሉ። ሁለት ማሳቸው የተለያየ መኪኖች አካላቸው እርስ በርስ እንዲነካካ አትፍቀዱ፣ መከላከያ ለመከላከያ እንኳ።

ማሳዋ ኔጌቲቭ ለሆነች እንደ ቢትል ላለች መኪና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀዩ ኬብል ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ይጀምርና ወደ ደህናው ፖዘቲቭ ይሄዳል። ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ ይነሳና የመጨረሻው ጫፉ ከባትሪው ራቅ ብሎ ቀለም በሌለው ብረት ላይ፣ ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ላይ ይያዛል። መጨረሻ ላይ የሚገናኘው ጫፍ ብልጭታ ማውጣቱ አይቀርም፤ ያ ብልጭታ ከሃይድሮጂኑ መራቅ አለበት። ስትፈቱ በተገላቢጦሽ ነው።

ባለ ቢትሏ፦

ጋሼ፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቀመጫው ደህና ነው፣ ሞላው ላይ ጠባሳ የለም፤ የባትሪው መሸፈኛ ግን ተሰንጥቆ ስለነበር በአዲስ ተካሁት።

ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ አድሮ 12.66 አነበበ። ሳይታሰር ቀናት ቆይቶም 12.6 ላይ ነው። ሴሎቹም ተቀራራቢ ናቸው። አምፖሏ አልበራችም፤ መልቲሜትሩ ግን 0.09 አምፔር አሳየኝ። ከፊውዞቹ አንዱን ሳወጣ ቁጥሩ ወደ 0.00 ወረደ፤ ያ ፊውዝ የውስጥ መብራቱን የያዘው ነው። መብራቱ ደግሞ ጠፍቷል። ሽቦውን ስከተል ከዳሽቦርዱ ኋላ ሌላ ቀጭን ቢጫ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀጥሎበት አገኘሁ፤ የሚሄደው በኋላ ወደተገጠመው ቴፕ ነው። ቴፑ በቁልፍም ይጠፋል፣ ታዲያ ለምን ይስባል?

ሞተሩ ተነስቶ በዝቅተኛ ዙር 12.2 ነው። ነዳጅ ስሰጠው 13.0 ላይ ይቆማል፤ ቀዩ መብራትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ በጨለማ ቢታይ ቀላ ያለ ነገር ይቀርበታል።

የዲናሞ ሰው፦

ይሄውልሽ፣ ባትሪው ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ነበር ልትጥዪው የነበረው።

ሁለት ጥፋት ተደራርቦብሻል። አንዱ ቴፑ ነው። እንዲህ ዓይነት ቴፕ ሁለት ሽቦ ይገባዋል፦ አንዱ በቁልፍ የሚበራና የሚጠፋ፣ ሌላው የጣቢያዎቹንና የሰዓቱን ማስታወሻ የሚጠብቅ ዘወትር ኃይል ያለው። ቢጫው ሁለተኛው ነው። ማስታወሻው ብቻ ቢሆን ጥቂት ሚሊአምፔር በበቃው ነበር፤ 90 መሳቡ የቴፑ ውስጥ ደህና እንዳልሆነ ይናገራል። በ24 አባዢው፣ በቀን ከ2 አምፔር ሰዓት በላይ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ የባትሪሽ ግማሽ ይሄዳል። ቢጫውን ከውስጥ መብራቱ መስመር አላቂና ጫፉን ሸፍነሽ እሰሪው። ብዙዎቹ ቴፖች ቢጫው ከሌለ ጭራሽ አይሠሩምና የምትፈልጊው ከሆነ ቢጫውንም ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ፣ ፊውዝ ካለው መስመር ጋር አገናኚው። ጣቢያዎቹን በየጊዜው ትፈልጊያለሽ፤ ሌላ የምታጪው የለም። የፕላስተር ቅጥሉን ግን እዚያ አትተዪው። ፕላስተር በሙቀት ይለቃል፣ የተራቆተ ሽቦ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛው፣ ዲናሞሽ በደንብ አይሞላም። 13.0 አይበቃም። ያንቺ ዲናሞ 30 አምፔር ያህል መስጠት የሚችል ነው፤ ቢትል እንደተሠራች ከተተወች ይህ ከበቂ በላይ ነው። አልተርኔተር አስገቢ ያለሽን ሰው አትስሚው። ወደ ሬጉሌተርና በዲናሞው ውስጥ እየተፋተጉ ኤሌክትሪኩን ወደሚያስተላልፉት ካርቦኖች ከመሄድሽ በፊት ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ እዪ። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጊያው በሚዞርባቸው በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣትሽ ጫን በይው፤ 15 ሚሊሜትር ያህል ነው መግባት ያለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ይንሸራተታል፤ ጎኑም እንደ መስታወት አንጸባርቆ ታገኚዋለሽ።

የቢትል ቺንጊያ የሚጠብቀው ዲናሞውን በመግፋት አይደለም። የዲናሞው ፑሊ ሁለት ግማሽ ነው፤ በመካከላቸው ቀጫጭን ቀለበቶች ተደርድረዋል። ከፊት፣ ማለት ወደ ዲናሞው በኩል ያለው የፑሊው ግማሽ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አላት፤ ካቻቢቴ በዚያ አስገብተሽ ከዲናሞው ብሎን ጋር ስታስደግፊው ፑሊው አይዞርም፣ ፍሬውን ትፈቻለሽ። ቺንጊያውን ለማጥበቅ ከመካከል አንድ ቀለበት አውጪ። ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጊያውም በፑሊው ውስጥ ከፍ ብሎ ይወጣል። ያወጣሽውን አትጣዪው፤ ከፑሊው ውጪ በኩል፣ ከፍሬው ሥር አስቀምጪው፣ ቦታው እዚያ ነው። ፍሬውን ስታጠብቂ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያደረግሽ አዙሪ፤ ካልዞረ ግማሾቹ ቺንጊያውን በመካከላቸው ይቆነጥጡታል። ከዚያ እንደገና ለኪ። አሁንም 13.5 ካልደረሰ ካርቦኖቹን እዪ፤ ካርቦኑ አልቆ ከማቀፊያው ጫፍ ጋር እኩል ከሆነ ጊዜው አልፏል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን የተጎነጎነ የማሳ ኬብል እዪው። የሞተሪኖው ኃይል በሙሉ የሚመለሰው በሱ በኩል ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሞተሪኖውን ሲያዞር አንቺ አንዱን የመለኪያ ጫፍ ካምቢዮው ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጊ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ በመንገድ ላይ ዝገት አለ፤ ፈትተሽ እስኪያበራ አጽጂውና አጥብቀሽ እሰሪው። ባትሪ ሞተ እየተባለ ስንት ጊዜ የሚወቀሰው ይህ ኬብል ሳይታይ ነው።

ባለ ቢትሏ፦

ቢጫውን አላቀቅሁት፤ ንባቡ 0.00 ነው። ቺንጊያው በእርግጥም ላልቶ ነበር፤ ቀለበት ካወጣሁ በኋላ ነዳጅ ስሰጠው 13.9 ደረሰ፣ ቀዩ መብራትም ፈጽሞ ጠፋ። የማሳ ኬብሉ 0.2 ነው። አሁን የማቆማት ጊዜ ቢረዝም ምን ላድርግ? ሁለት በር እንዳሉት ቻርጀር ልሰካባት ወይስ ኔጌቲቩን ልፍታው?

ሁለት በር፦

እኔም የማሳ ኬብሌን ለመለካት ወስኛለሁ፤ አይቼው አላውቅም። ቻርጀሩ ራሱን የሚቆጣጠር ከሆነ ተሰክቶ ቢሰነብት ችግር የለውም። የእኔው ሲሞላ ወደ 13.4 ቮልት ወርዶ ይቆያል፣ አያፈላውም።

የዲናሞ ሰው፦

ሁለቱም ይሆናል። ፍሳሹ ዜሮ ከሆነ ኔጌቲቩን መፍታት ብቻ ለወር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ባትሪ በራሱም ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ ያኔ የሁለት በር መንገድ ይሻላል። ዘወትር ፍሬ መፍታት እንዳይሰለችሽ በኔጌቲቩ ላይ የሚገጠም መቁረጫ አለ፤ በእጅ ይፈታል፣ በእጅ ይታሰራል። ሲገጠም ቁመቱ ወደ መቀመጫው ሞላ እንዳይደርስ ለኪ።

ቺንጊያው አሁን ስለነካሽው ገና ይላላል፤ ጥቂት ከነዳሻት በኋላ እንደገና በአውራ ጣትሽ ሞክሪው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው ለባትሪው ብቻ ስል አይደለም። በዚህች መኪና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ያለው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ቻርጅም ማቀዝቀዣም እኩል ይቆማሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ እየነዳሽ ቀዩ መብራት ድንገት ቦግ ካለ ቤቴ ልድረስ አትበይ፤ ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊና ቺንጊያው በቦታው መኖሩን እዪ። ካለ ቀስ ብለሽ መቀጠል ትችያለሽ። ከሌለ አንድ ኪሎ ሜትርም አትንጂያት። ለመኪናዋ የሚሆን ትርፍ ቺንጊያና የፑሊውን ፍሬ የሚፈታ ቁልፍ ከፊት ሻንጣው ውስጥ አስቀምጪ።